ደርሶ መልስ

ሞግዚቷ የስም ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄኛው ባይሄድ ይሻላል» አሉ።

«ለምን እትዬ? አሞታል እንዴ?»

«አላመመውም፤ ደህና ነው። ብቻ ባይሄድ ይሻላል።»

ያን ሰሞን የጽድቅ ሥራ እንደ ጠጅ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። አሥራ ሦስቱ ሲሄዱ አንዱ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ታየኝ። ተከራከርኩ። ሞግዚቷ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ወረቀቱን መለሱልኝና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» አሉኝ። «ልጆቹን ‹በሚቀጥለው ጊዜ› አትበሏቸው። የፈለጋችሁትን አብሏቸው፣ የፈለጋችሁትን ግዙላቸው፤ ይህቺን ቃል ግን አደራ!»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ነገሩ የሆነው በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። ኮሌጅ የተዋወቅን ሰባት ጓደኛሞች በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጣን፣ በዓል ሲመጣ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ዳቦና ለስላሳ ይዘን እንሄድ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። ቤቱ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ውሎ አድሮ ዳቦና ለስላሳው አላረካን አለና «ለምን ልጆቹን ወጣ አድርገን አናዝናናቸውም?» ተባባልን። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወሰድናቸው። ብሔራዊ ሙዚየም ወስደን ሉሲን አሳየናቸው፤ እነሱ ግን ከሉሲ ይልቅ ደረጃው ላይ መሯሯጡ ጣማቸው። በሦስተኛው ራቅ እንበል ሲባል «ጓሳ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ጓሳ አንድ ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ የመኪናው ኪራይ ለሰባት ሲካፈል ደግሞ ለእኔ ረከሰልኝ። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። አንባቢ ግን ይወቅልኝ።

ወረቀቱ ቀላል አልነበረም። የማሳደጊያው ፈቃድ፣ የልጆቹ ዝርዝር ከነፎቷቸው፣ አብረው የሚሄዱ ሁለት ሞግዚቶች፣ ማታ ተመልሰን ደብረ ብርሃን የምናድርበት ቤት አድራሻ… ይህ ሁሉ ተሟልቶ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራት ልጆች፣ ሁለት ሞግዚቶች፣ እኛ ሰባታችንና ሾፌሩ በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተነሣን።

ሰንዳፋ ሳንደርስ ዘፈኑ ተጀመረ፤ ሸኖ ላይ ማስመለሱ ተከተለ። መንገድ ያልለመደ ልጅ ሆድ እንዴት እንደሚገለበጥ ከሰባታችን አንዳችንም አላሰብንም ነበር። ሞግዚቷ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የብርቱካን ልጣጭ ፈቱና ከአፍንጫ አፍንጫ አዞሩት። ፌስታሉንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ወርደን ቁርስ በላን። ልጆቹ በብርዱ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ሲወጣ ባዩ ጊዜ አሥራ አራቱም በሁለት ጣታቸው ባዶ አየር ይዘው ሲጋራ «ማጨስ» ጀመሩ። አንዷማ አመዱን ትረግፍ ነበር።

ጣርማበር ላይ ቅሬታ ተነሣ። ጣሊያን ተራራውን የቦረቦረው ዋሻ እንዳለ ነግረናቸው ኖሮ በውስጡ እናልፋለን ብለው መጥተዋል። የእኛ መንገድ ግን ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሾፌሩ አዘነላቸውና ዋሻው ውስጥ ገባ፤ ማዶ ወጥቶ፣ አዙሮ፣ እንደገና ገብቶ ተመለሰ። የልጆቹ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ጉዞ ሳስታውሰው ያለ አንዳች ቅር መሰኘት ደስ የሚለኝ ያ የዋሻ ውስጥ ጩኸት ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ የሾፌሩ ነበር።

ዋሻውን አልፎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ደሴ ይገባል። የግሸን ማርያም ተሳላሚም ከአዲስ አበባ ሲነሣ የሚይዘው ይህንኑ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸንን ሊሳለሙ ወሎ በሄዱ ጊዜ አገሩ ረሃብ ላይ ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ፤ በእነሱም ምክንያት ትዳራቸው ፈረሰ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮሮና እስካረፉበት ቀን ድረስ አርባ ዓመት ያህል ለቁጥር የሚያታክቱ ልጆች «እዳዬ» ሆነው ኖሩ። ይህን ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ የሆነውን ያህል ለጓደኞቼ አውቶቡሱ ውስጥ ተረክሁላቸው፤ በኩራት፣ የሥራ ባልደረባዬ የሆኑ ይመስል። ሞግዚቷ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «እሳቸውማ ቤታቸው አስገቧቸው» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም።

ከመታጠፊያው በኋላ መንዝ ነው። መንዝን ያየ ያውቃል፤ ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ስለት፣ ዛፉ ጥቂት ነው። የድንጋይ ካብ፣ የድንጋይ ቤት፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ በግ። እንደገና ካብ፣ እንደገና በግ። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከሩቅ ከታየ እዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው።

ያ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ዝም ብሏል። አሞት መስሎኝ የብርቱካን ልጣጭ ሰጠሁት፤ በእጁ ይዞት ቀረ። መዘዞን ካለፍን በኋላ እጅጌዬን ሳብ አደረገኝ።

«ጋሼ፣ ያቺ ናት።»

«ምኗ?»

«ቤተ ክርስቲያናችን። ቤታችን ከሷ በታች ነው።»

ኮረብታ ላይ፣ ቆርቆሮዋ የሚያበራ፣ ጥድ የከበባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ፈገግ አልኩ መሰለኝ። አውቶቡሱ አልቆመም። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ሌላ ኮረብታ፣ ሌላ ጥድ፣ ሌላ ጉልላት መጣ። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው፤ ያቺ ናት።» ሦስተኛዋ ላይ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ቀደሙትና «ያቺ ናት ቤተ ክርስቲያኑ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ጉልላት በታየ ቁጥር ጨዋታ አደረጉት። እሱ አላለቀሰም፤ አልተቆጣምም። እያንዳንዷን ከዓይን እስክትሰወር ድረስ አንገቱን አዙሮ ይሸኛት ነበር።

ሞግዚቷ ያኔ ነው የነገሩኝ። አራት ዓመት ሲሆነው አጎቱ ነው ያመጣው። አባቱ ሞቷል። እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል። አያት እንደነበሩት ይናገራል። መዝገቡ ላይ «የትውልድ ቦታ» በሚለው ፊት ለፊት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ መንዝ። አጎቱ የሰጠው ስልክ ጥቂት ወር ቆይቶ አልሠራ አለ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርህ ታስቀረው ነበር?»

መልስ አጣሁ። አሁን ሳስበው እንኳን ላስቀረው፣ «ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል» ብዬ ሌሎቹን አስቀርቼ እሱን ብቻ ሳልወስደው አልቀርም ነበር።

አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደሚያስታውስ ጠየቅሁት። የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ድንጋይ ነው፤ ሲመቱት ይጮኻል። አያቱ እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ ጸጉሩ ሲረጥብ ይሸታል። ቡላ ውሻ ነበራቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። የድንጋይ ደወል፣ የበግ ጸጉርና ቡላ ውሻ የሌለበት የመንዝ ቀበሌ ካለ ይፈለግ! ማማ ይሁን፣ ላሎ ይሁን፣ ጌራ ይሁን በምን ይለያል?

ጓሳ የደረስነው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ ጓሳ ብዙ ልል እችል ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሬ ሙሉ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል፤ ለእረኛ የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ አምባ ነው፤ ጅብራውና አስታው በጉም ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። ቀይ ቀበሮም አለ። እኛ ያየነው በሩቅ አንድ ቀይ ነገር ሣሩን ሲሰነጥቅ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ነበሩ ብለው እስከ ማታ ተከራክረዋል።

ጭላዳዎቹ ግን አላሳፈሩንም። መቶ የሚሆኑ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ጭላዳ ሲበላ አይነሣም፤ በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው ወደሚቀጥለው ሣር የሚሄደው። ይህን ያዩ አሥራ አራት ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አንባቢ መገመት አያቅተውም። ለጉዞው ብለን የገዛንላቸው አዲስ ሱሪ ከኋላው አረንጓዴ ሆነ።

የቦታው ጠባቂ ጥላ ሥር አስቀምጦ የጥንቱን ነገር አጫወተን። መሬቱን አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች እንደያዙት ይነገራል፤ ነገሩ ወደ አራት መቶ ዓመት ይሆነዋል። ከእነሱ የሚወለዱት በየወገናቸው አለቃ መርጠው ቦታውን ያስጠብቁ ነበር። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋና ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ሣሩን ያጭዳል። ሥርዓቱን ቀሮ ይሉታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በሌላ መልክ ደንብ አውጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ሳነብ የሩቅ ዘመን ነገር መስሎኝ ነበር። ጠባቂው ሲያወራው ግን ገባኝ። እዚያ አገር «የማን ልጅ ነህ?» የወሬ መጀመሪያ ብቻ አልነበረም፤ ርስት የሚያሳርስና የማያሳርስ፣ ሣር የሚያሳጭድና የማያሳጭድ ጥያቄ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እረኞች መጡ። አራት ናቸው። ዝተት ደርበዋል፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል፤ ጅራፋቸው ትከሻቸው ላይ ነው። የኛዎቹ በአንድ ወገን፣ እነሱ በሌላ ወገን ቆመው ተያዩ። ትልቁ እረኛ አሥራ ሁለት ቢሆነው ነው። ከፊቱ የቆመችውን የኛን ልጅ አየና ጠየቃት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ የማሳደጊያውን ስም ነገረችው። እረኛው አልገባውም። ወደሚቀጥለው ዞረ። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» ያኛው እኔን አየኝ። እኔ ሞግዚቷን አየሁ። በዚያ አገር እንደዚህ ያለ ቀላል ጥያቄ የለም፤ በጎቹም መልሱን የሚያውቁት ይመስለኛል። ከአሥራ አራቱ አንዱም ድምፅ አላሰማም።

ያ ልጅ ከኋላ ወጣ። እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ተናገረ።

እረኛው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሰበ። «በአያትህ ስም የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ» አለ። በጅራፉም ማዶ አመለከተ። «ከዚያ ወዲያ። በጎቻቸውን አውቃቸዋለሁ።»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አልኩት።

«ቅርብ ናት።»

የባላገር ቅርብ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ እኛ ይመጣል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቷል። ስሙ ደግሞ ብርቅ ስም አይደለም፤ በመንዝ በዚያ ስም የሚጠሩ ሽማግሌ ሃምሳ አይጠፉም። ይህን ሁሉ ለራሴ አሰላሁ። ሞግዚቷ አዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም ተንበረከክሁና በልጁ ቁመት ሆኜ፣

«በሚቀጥለው ጊዜ እንሄዳለን» አልኩት። «ቃሌ ነው።»

ቢጠራጠር፣ ቢያለቅስ፣ መሬት ላይ ቢንከባለል ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው አመነኝ። ሌሎቹን በስንት ጥሪ ስንሰበስብ እሱ ሮጦ አውቶቡሱ ውስጥ ቀድሞ ገባና ቦታውን ያዘ። ከመሄዳችን በፊት ፎቶ እንነሣ ተባለና ወረደ። «ፎቶው የልጆቹ ነው፤ እናንተ ገለል በሉ» ብለን እረኞቹን ወደ ጎን አደረግናቸው። ይህን ያለው ማን እንደነበረ አላስታውስም፤ እኔ ብሆንም አልገረምም። ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ልጁ ከሁሉም በላይ ይዘፍን ነበር። ቤተ ክርስቲያኖቹን አላያቸውም፤ አሁን የሚያያቸው ምን አለው!

ከተመለስን በኋላ ስለ ጓሳ ጻፍኩ፤ ታተመም። ልጁ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ማሳደጊያው ቤተሰቡ እንዲፈለግ ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ «የቀበሌው ስም ይገለጽ» የሚል መልስ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ማሳደጊያዎች ለጠያቂ ተዘጉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መዘዞና ሞላሌ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አካባቢው ሌላ ግጭት ውስጥ ወደቀ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል እደረድረዋለሁ። ከየካቲት 2011 እስከ መጋቢት 2012 ግን አሥራ ሦስት ወር ነው። መንገዱ ክፍት ነበር። መኪናም ይከራይ ነበር። ለእነዚያ አሥራ ሦስት ወራት የማሳብብበት ነገር የለኝም።

በኋላ ሳነብ እንደኔ ያለው ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። ወደ ታይላንድ፣ ወደ ካምቦዲያ የሚሄድ ቱሪስት ከዝሆኑና ከቤተ መቅደሱ መካከል አንድ ቀን ለሕፃናት ማሳደጊያ ይመድባል፤ ልጆቹን ሽርሽር ይወስዳል፤ ያቅፋል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ይሄዳል። ልጆቹ በየሳምንቱ ከአዲስ ሰው ጋር ይላመዳሉ፤ በየሳምንቱ ይለያሉ። ካምቦዲያ ውስጥ ልጆች የቱሪስት መስህብ አይደሉም የሚል ዘመቻ ተነሥቶባቸዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለዚሁ በውሳኔው ጠቅሷል። በየአገሩ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸውም አነበብኩ። ይህን ሳነብ የማይሠራው ስልክ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ሲከለከል ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ፤ «ልጆቻችን እዚሁ ያድጋሉ» ብዬ። እዚሁ ከማን ጋር ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሽርሽር ሁሉ ይቅር ከሚሉት ጋርም አልስማማም። የዋሻው ጩኸት ውሸት አልነበረም። ሞግዚቷም ቢሆኑ አትሂዱ አላሉንም፤ የከለከሉን አንዲት ቃል ነው።

ባለፈው ክረምት ወደዚያ ቤት ሄጄ ነበር። ሞግዚቷ ጡረታ ወጥተዋል። ልጁ አሁን አሥራ ስድስት ሆኖት ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ዕረፍት ሲሆን ሞባይል ጥገና ይማራል። በር ድረስ መጥቶ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። ድሮ «ጋሼ፣ መቼ ትመጣለህ?» ይለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የጓሳው ፎቶ አለዎት?» አለኝ።

ስልኬ ውስጥ ነበረና ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ አሰፋው። ራሱን አላየም፤ እኔንም አላየም። ፎቶውን ወደ ግራ ጠርዝ ገፋው፤ ወደ ቀኝ ጠርዝ ገፋው።

«እረኛው የለም?»

«ከፎቶው ውጭ ነበር» አልኩት። ገለል ያደረግነው እኛ መሆናችንን አልነገርኩትም።

«ስሙን ጠይቀውት ነበር?»

ማስታወሻ ደብተሬን አሰብኩት። የሣሩ ስም አለ። የአስቦና የጌራ ስም አለ። ከፍታው በሜትር አለ። በጋዜጠኝነት ትምህርት የመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩት «ማን?» ብሎ መጠየቅን ነው።

«አልጠየቅሁትም» አልኩት።

ስልኩን በእጅጌው ጠርጎ መለሰልኝ።

«ደወሉ ግን ድንጋይ ነበር» አለ። «እሱን አልረሳሁትም።»